ከአያት ሣጥን የወጡ ብርና ሰዓት

የበዓል ዋዜማ ነው። ከአልጋ ሥር ሣጥን ይሳባል፤ ከሣጥኑ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይወጣል። የአንገት መስቀል፣ አንድ ሁለት ጠገራ ብር፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ ሰንሰለቱ የተበጠሰ የኪስ ሰዓት። መስቀሉ ጠቁሯል፤ ሰዓቱ ቆሟል። ከልጆቹ አንዱ ወደ ማድ ቤት ይሮጥና የድስት ማጠቢያ ሽቦ፣ አመድ፣ ሎሚና የጥርስ ሳሙና ይዞ ይመለሳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መስቀሉ ያብለጨልጫል፤ ቤተሰቡም ይደሰታል። ሰዓቱም አልቀረለትም፤ ጀርባው በቢላ ጫፍ ተከፍቶ የምግብ ዘይት ጠብ ተደርጎበታል።

ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። አንጥረኛው በጥንቃቄ የቀረጸው ሐረግ ደብዝዟል፤ ሰዓቱም አንድ ቀን ሠርቶ ዳግመኛ ላይነሣ ቆሟል። ሌባ ያልደረሰበትን ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የሚወደው ሰው እጅ ነው። ለዚህ ነው የጥንት ብርና የኪስ ሰዓት የሚያውቁ ሰዎች ከመወልወልና ከመክፈት በፊት ዕቃውን አገላብጦ ማየት፣ ያለበትን ምልክት ማንበብ ይቀድማል የሚሉት።

ገንዘቡ ጌጥ ሲሆን

በአማርኛ ማዕድኑም ገንዘቡም ስሙ አንድ ነው፤ ብር። በአንድ ወቅት ሁለቱ በእርግጥ አንድ ነበሩ። ጠገራ ብር የሚባለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ሳንቲም 28 ግራም ከትንሽ ነገር ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው፤ በአንጥረኛ ቋንቋ ከ1000 እጅ 833ቱ ማለት ነው። የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። በኢትዮጵያ ገበያ ሳንቲሙ ከመገበያያነት አልፎ ሚዛንም ሆኖ አገልግሏል፤ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት በእርሱ ክብደት ይለካ ነበር።

አንድ ሰው መስቀል፣ አምባር ወይም ጉትቻ ሲያሠራ ለአንጥረኛው ብሩን ቆጥሮ ይሰጠዋል፤ አንጥረኛውም በወናፍ እሳት አቅልጦ ይሠራዋል። ስለዚህ በብዙ ቤት ያለው የድሮ የኢትዮጵያ ብር ጌጥ ቀድሞ ጠገራ የነበረ ነው። በላዩ የፋብሪካ ማኅተም አለመኖሩም ሐሰተኛ አያሰኘውም፤ ማኅተም የሚመታ መሥሪያ ቤት በሌለበት አገር ዋስትናው አሠሪው ፊት የቀለጠው ሳንቲም ነበር።

ሳንቲሙን ራሱን ማንበብ ግን ወጥመድ አለው። በላዩ 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ንግሥቲቱ ያረፈችው በዚያ ዓመት ነው፤ ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላም ያለማቋረጥ በዚያው ዓመት ስም ሲመታ ኖሯል። የቪየና ማተሚያ ብቻ አይደለም የመታው። በ1930ዎቹ ጣሊያን ማተሚያ ቅርጹን ወስዳ በሮም መትታለች፤ ብሪታንያም ጥቂት ቆይታ በለንደን መምታት ጀምራለች። ቪየና ዛሬም ትመታለች። «የ1780 ብር ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ ያነበበው ቁጥሩን ነው፤ ሳንቲሙ ግን የአያት እኩያ ወይም የልጅ ልጅ እኩያ ሊሆን ይችላል። የድሮ ነጋዴዎች ይህን ስለሚያውቁ የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጦች አንድ በአንድ እየቆጠሩ ነበር የሚቀበሉት።

አፄ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ያስመቱት ብር መጠኑም ክብደቱም ከጠገራው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሆኖም ገበያው ለረጅም ጊዜ የለመደውን ጠገራ አልለቀቀም።

አንበሳ፣ መልሕቅ፣ ጨረቃ

የአውሮፓ የብር ዕቃ ግን በምልክት ያወራል። ማንኪያውን ገልብጦ በአጉሊ መነጽር እጀታው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ማኅተሞች ማየት ነው። በእንግሊዝ የብር ዕቃ ሳይመረመርና ሳይታተም እንዳይሸጥ ሕግ የወጣው በ1300 ነው። ከዚያ ዘመን የመጣው የነብር ራስ የለንደን ምልክት ሆኖ ቀረ። ከ1544 ጀምሮ ደግሞ የሚራመድ አንበሳ ተጨመረ፤ አንበሳው ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ለመሆኑ ምስክር ነው። መልሕቅ ካለበት ዕቃው የበርሚንግሃም ነው። አጠገቡ ያለው የላቲን ፊደል ዓመቱን ይናገራል፤ ፊደሉ በየዓመቱ ስለሚለወጥ፣ ሠንጠረዥ የያዘ ሰው ማንኪያው የተመረመረበትን ዓመት ያለ ብዙ ድካም ያገኘዋል።

በጀርመን ከ1888 ወዲህ ጨረቃና ዘውድ ከ800 ቁጥር ጋር ይታተማሉ። የድሮ የሩሲያ ብር 84 የሚል ቁጥር አለው፤ ሩሲያውያን ንጽሕናውን ከ96 ይቆጥሩ ስለነበር 84ቱ ከ1000 እጅ 875 ማለት ነው።

ወጥመድ እዚህም አለ። በ1840 በርሚንግሃም ውስጥ የኤልኪንግተን ቤት በኤሌክትሪክ ኃይል ብር የመቀባት ዘዴን በፓተንት ካስመዘገበ በኋላ ከላይ ስስ ብር፣ ከውስጥ ሌላ ብረት የሆኑ ዕቃዎች ዓለምን አጥለቀለቁ። ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ. የሚሉ አራት ፊደላት ካሉበት ዕቃው ብር ቅብ ነው። «የጀርመን ብር»፣ «ኒኬል ብር»፣ «አልፓካ» የሚባሉት ደግሞ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል የተቀላቀሉባቸው ናቸው፤ በስማቸው እንጂ በውስጣቸው ብር የለም።

ብር ለምን ይጠቁራል?

ብር እንደ ብረት አይዝግም። የሚያጠቁረው በአየር ውስጥ ያለው የድኝ ጋዝ ነው፤ ብሩና ድኙ ተዋሕደው በላዩ ጥቁር ስስ ሽፋን ይሠራሉ። የተቀቀለ ዕንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ሱፍ፣ ላስቲክና የጋዜጣ ወረቀት ድኝ አለባቸው። በብር ማንኪያ የዶሮ ወጥ ዕንቁላል የቆረሰ ሰው ማንኪያው ወዲያው ሲጠቁር ያያል። የአውሮፓ ባለጸጎች የዕንቁላል ማንኪያቸውን ወርቅ ያስቀቡት ለዚህ ነበር። ጨው ደግሞ ከማጥቆር አልፎ ብሩን ይበላዋል፤ ስለዚህ የጨው ማቅረቢያዎች ውስጣቸው ወርቅ ቅብ ወይም ብርጭቆ ነበር።

ጥቁሩ ሽፋን ከብሩ የተሠራ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ተፈግፍጎ በወጣ ቁጥር ትንሽ ብር አብሮት ይሄዳል። ንጹሕ ብር የሆነ ወፍራም ትሪ ይህን ለዘመናት ይችለው ይሆናል፤ ብር ቅቡ ግን ጥቂት ጊዜ ተፈግፍጎ መዳቡን ያሳያል። በመስቀል ሐረጎች ጎድጓዳ ውስጥ የቀረው ጥቁረትም ቆሻሻ አይደለም፤ ቅርጹ ጎልቶ እንዲታይ የሚያደርገው እርሱ ነው። ሰብሳቢዎችና ሙዚየሞች ሆን ብለው ይተዉታል።

ለአብዛኛው የብር ዕቃ የሚበቃው እንክብካቤ ቀላል ነው። ለብ ባለ ውኃ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠበጥበታል፤ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ይታጠባል፤ ይለቀለቃል፤ እርጥበት ሳይቀርበት ወዲያው ይደርቃል። ብዙ ጊዜ የታጠበ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ለዚህ የሚስተካከለው የለም። ጥቁረቱ ከበረታ ለብር ተብሎ የተዘጋጀ መወልወያ በዓመት አንዴ በቀስታ መጠቀም ይቻላል። አመድ፣ አሸዋ፣ የጥርስ ሳሙናና የድስት ሽቦ ግን ብሩን ይቧጭሩታል። በረኪና ከሁሉም የከፋ ነው፤ ክሎሩ ብሩን አጥቁሮ ፊቱን ይበላዋል። እጀታቸው ውስጡ በሙጫ የተሞላ የብር ቢላዎችን ሙቅ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም ሆነ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ መክተት ሙጫውን አቅልጦ ስለቱን ከእጀታው ያላቅቀዋል።

አሉሚኒየም ፎይል፣ ቤኪንግ ሶዳና ሙቅ ውኃ የሚባለው ዘዴ እውነት ይሠራል። አሉሚኒየሙ ድኙን ከብሩ ይወስድና ብሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ስለዚህ የሚፈገፈግ ነገር የለም። ችግሩ ምርጫ አለማወቁ ነው። ሠሪው ለጌጥ የተወውን ጥቁረትም አብሮ ያጥባል፤ ዕቃው ገርጥቶና ፊቱ ሞቶ ይወጣል። ፈርጥ ለተሰካበት፣ በሙጫ ለተያያዘ ወይም በቀጭን የብር ሽቦ ለተሠራ ጌጥ አይሆንም።

ከመወልወል ማስቀመጥ ይበልጣል። ብሩን በታጠበ ጥጥ ጠቅልሎ አየር በማያስገባ ከረጢት ማኖር፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ የሲሊካ ጄል ጥቅል አብሮ መክተት ብዙ ዓመት ያቆየዋል። የጥጥ ጋቢ ለመጠቅለያ ጥሩ ነው፤ የሱፍ ብርድ ልብስ ግን መጥፎ ነው። ማንኪያዎችን በላስቲክ ማሠር ደግሞ ማንኪያዎቹ ላይ የማይጠፋ ጥቁር መስመር ያትማል።

ልጓም ያለው ሞላ

የኪስ ሰዓት ሥራ ሲታይ ከባድ፣ ሲነገር ቀላል ነው። በቀፎው ውስጥ የተጠቀለለ የብረት ሞላ አለ። ሰው በጣቱ ሲሞላው ይጠብቃል፤ ሲፈታ ጥርሳም ጎማዎችን ያዞራል። ጎማዎቹ ልቅ ቢሆኑ ሞላው በአፍታ ተፈትቶ ባለቀ ነበር፤ ስለዚህ ልጓም ተበጅቶላቸዋል። እንደ ፀጉር በቀጠነ ሌላ ሞላ የተያዘ ሚዛን ጎማ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ በእያንዳንዱ ውዝዋዜ አንድ ጥርስ ብቻ ያሳልፋል። ቲክ ቲክ የሚለው ድምፅ የልጓሙ ነው። በብዙ የድሮ የኪስ ሰዓቶች ይህ በሰከንድ 5 ጊዜ፣ በቀን 432,000 ጊዜ ይሆናል። ዛሬም ድረስ በሜካኒካል ሰዓቶች የሚሠራውን የልጓም ዓይነት እንግሊዛዊው ቶማስ መጅ በ1755 ገደማ ፈልስፎታል።

መጀመሪያ ላይ ሰዓት የሚሞላው በትንሽ ቁልፍ ነበር። ቁልፉ ደግሞ ይጠፋል። ፈረንሳዊው አድሪየን ፊሊፕ በ1840ዎቹ ሰዓት ከአናቱ ባለው ጉብታ የሚሞላበትንና ቆጣሪዎቹ የሚስተካከሉበትን ዘዴ ሠራ፤ ቆይቶም ከፖላንዳዊው አንቶኒ ፓቴክ ጋር ተሻርኮ ስማቸውን የተሸከመው የጄኔቫ ቤት ተመሠረተ። ዛሬ ከሣጥን የወጣ ሰዓት ጀርባው ላይ ባለአራት ማዕዘን ጉጥ የተቀመጠበት ቀዳዳ ካለው በቁልፍ የሚሞላ ነው፤ በፒንሳ ሳይሆን በልኩ በተገኘ ቁልፍ ሊሞላ ይገባል።

የሰዓት ትክክለኛነት የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። በኤፕሪል 1891 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኪፕተን በምትባል ትንሽ ጣቢያ የፖስታ ባቡርና የመንገደኞች ባቡር ፊት ለፊት ተላተሙ፤ የፖስታ ሠራተኞችን ጨምሮ ሰዎች ሞቱ። የአንዱ ባቡር ሠራተኛ ሰዓት ለ4 ደቂቃ ቆሞ መልሶ መሄዱ ለአደጋው ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። የባቡር ኩባንያው ዌብ ቦል የተባለውን የክሊቭላንድ ሰዓት ነጋዴ የሠራተኞቹን ሰዓት ሁሉ እንዲቆጣጠር ሾመው።

ከዚያ በኋላ የተስፋፋው ደንብ ጥብቅ ነበር። የባቡር ሠራተኛ ሰዓት ክዳን የሌለው፣ ገጹ ነጭ፣ ቁጥሮቹ ጎላ ያሉ መሆን ነበረበት። ቢያንስ 17 የዕንቁ ድንጋይ ይኖረው ነበር፤ በአምስት አቅጣጫ ቢቀመጥም፣ ከ1 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀትና ቅዝቃዜም ልኩን መጠበቅ ነበረበት። በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ መሳት አይፈቀድለትም ነበር። ሳምንት 604,800 ሰከንድ ስለሆነ ከ20,000 አንዱን ብቻ ሳት ማለት ነው፤ ያውም በሞላና በጎማ።

ሰዓቱ ምን ይላል?

ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚያነቡት ቀፎውን ነው፤ ዋናው ማስረጃ ግን ውስጡ ነው። በተለይ በአሜሪካ ቀፎና ሞተሩ ለየብቻ ይሸጡ ነበር። ስለዚህ የዋልታም ወይም የኤልጂን ሰዓት የተሠራበት ዓመት የሚታወቀው ቀፎው ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ሞተሩ ላይ በተቀረጸው ተራ ቁጥር ነው። በስዊዘርላንድ ሰዓት ቀፎ ውስጥ ድብ ከታተመ ብሩ ከ1000 እጅ 875፣ ጅግራ መሰል ወፍ ከታተመ ደግሞ 800 ነው።

ወርቅ የሚመስል ቀፎ ላይ «ለ20 ዓመት ዋስትና ያለው» የሚል ጽሑፍ ሲገኝ ብዙዎች ደስ ይላቸዋል። ጽሑፉ የሚናገረው ግን ሌላ ነው፤ በተራ ብረት ላይ የተለበጠው ወርቅ ሳያልቅ 20 ዓመት ይቆያል ማለት ነው። ንጹሕ ወርቅ ዋስትና አያሻውም። ሲልቬሮይድና ሲልቬሪን የሚሉ ጽሑፎችም የብር ስም ይዘው ብር የሌለባቸው ናቸው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ ሰዓት የራሱ እንቆቅልሽ አለው። ቆጣሪዎቹ 3 ሰዓት ላይ ቆመው ቢገኙ ባለቤቱ እንደ አገሩ ሞልቶት ረፋድ ላይ ቆሞ ይሆናል፤ ወይም እንደ ፈረንጅ ሞልቶት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። ይህን የሚያውቀው አያቱን ሰዓት ሲያዩ ያየ የቤተሰብ ሰው ብቻ ነው።

ከመሙላት በፊት

ለብዙ ዓመት የተኛ ሰዓት ሲገኝ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ሞልቶ መሞከር ነው። ባይሞከር ይመረጣል። የድሮው ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል፤ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩት የጎማ ዘንጎች በደረቅ ድንጋይ ላይ ሲዞሩ ይበላሉ። የምግብ ዘይት፣ የሞተር ዘይት ወይም የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ አቧራ ይሰበስባል እንጂ አያድንም። ትክክለኛው መንገድ ሜካኒካል ሰዓት ከሚፈታ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወስዶ ማሳጠብና በጣም ጥቂት የሰዓት ዘይት ማስነካት ነው። በየቀኑ የሚሠራ ሰዓት በ4 ወይም በ5 ዓመት አንዴ ይህን ይፈልጋል። ባትሪ በመቀየር የሚተዳደር ሁሉ የኪስ ሰዓት አይፈታምና አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ከታጠበ በኋላ በቀን አንዴ፣ ቢቻል ጠዋት በተመሳሳይ ጊዜ ይሞላል። ጣት ሲከለከል ይቆማል። «ከመጠን በላይ ስለተሞላ ቆመ» የሚባለው በአብዛኛው ስሕተት ነው፤ ተሞልቶ የማይሄድ ሰዓት ቆሽሿል። በብዙ የባቡር ሰዓቶች ቆጣሪውን ለማስተካከል የፊቱን መስተዋት ከፍቶ በጠርዙ የተሸሸገችውን ትንሽ ምላስ መሳብ ያስፈልጋል፤ ይህን ያላወቀ ሰው መሙያውን ጎትቶ ይሰብረዋል። ስልክ፣ የድምፅ ማጉያና ማግኔት ያለው የቦርሳ መዝጊያ ቀጭኑን ሞላ ማግኔት ያደርጉታል፤ በድንገት በሰዓት ብዙ ደቂቃ መቅደም የጀመረ ሰዓት ምናልባት ይህ ደርሶበት ነው፤ ሰዓት ሠሪ በትንሽ መሣሪያ ወዲያው ያድነዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ከ1910ዎቹ እስከ 1960ዎቹ በጨለማ የሚያበሩ ብዙ ሰዓቶች ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ማዕድን ተቀብተዋል። ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አይጠፋም፤ ራዲየም ወደ ግማሹ ለመውረድ 1600 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ቁጥሮቹና ቆጣሪዎቹ ወፍራም ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ያላቸውን የቆየ ሰዓት ቤት ውስጥ ከፍቶ መፋቅ፣ ብናኙንም መተንፈስ አይገባም።

ዋጋው ስንት ነው?

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሰጥም። ኤልጂን በመቶ ዓመት ገደማ ወደ 60 ሚሊዮን ሰዓት ሠርቷል፤ ስለዚህ የመቶ ዓመት ኤልጂን በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ ነው። በሌላው ጫፍ ፓቴክ ፊሊፕ ለአሜሪካዊው የባንክ ሰው ለሄንሪ ግሬቭስ ሠርቶ በ1933 ያስረከበው የኪስ ሰዓት በ2014 በጄኔቫ ጨረታ 24 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሸጧል። ልዩነቱ የተሠራበት ብልሃት፣ አንድ ብቻ መሆኑና ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ መታወቁ ነው።

የታሪክ መታወቅ ምን እንደሚያደርግ ኢየሩሳሌም ያሉ አንባቢዎች ሄደው ማየት ይችላሉ። ብሬጌ የተባለው የፓሪስ ሰዓት ሠሪ በ1783 ለንግሥት ማሪ አንቷኔት የታዘዘለትን ሰዓት ሲጀምር ንግሥቲቱ በሕይወት ነበረች። ሰዓቱ ያለቀው በ1827 ነው፤ ያኔ ንግሥቲቱም ሠሪውም ሞተው ነበር። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኤል. ኤ. ሜየር ሙዚየም የነበረው ይህ ሰዓት በ1983 ከሌሎች መቶ በላይ ሰዓቶች ጋር ተሰረቀ። ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ወደ ሙዚየሙ ተመልሷል። እንዲህ የታወቀ ዕቃ ሰርቆ በአደባባይ የሚሸጥ የለም።

ለተራ ቤተሰብም ትምህርቱ ያው ነው። የተላጠ ጽሑፍ፣ የተፋቀ ስምና የተፈገፈገ ማኅተም ዋጋ ያወርዳሉ፤ ፎቶግራፍ፣ ደረሰኝና በቀፎው ጀርባ የተቀረጸ መታሰቢያ ያስወድዳሉ። ጥንታዊ መስቀል ወይም ሌላ ቅርስ ይዞ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ ለመሄድ ያሰበ ሰው ደግሞ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል፤ ከቅርስ ባለሥልጣን ጠይቆ ወረቀት መያዝ በአውሮፕላን ጣቢያ ከመቸገር ያድናል።

ስለዚህ ለመጪው በዓል ሣጥኑ ሲከፈት ሽቦውና ሎሚው ይቆዩ። ከዚያ በፊት ከቤቱ አረጋዊ ጎን ተቀምጠው መስቀሉን ማን እንዳሠራው፣ ስንት ጠገራ እንደገባበት፣ ሰዓቱንም ማን ከየት እንዳመጣው ይጠይቁ። የሰሙትን ስምና ዓመት በንጹሕ ወረቀት ጽፈው ከዕቃው ጋር በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ።